የቤተ ሰብ ምክር፦ አልበላም ስላለችው እስስት

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ በሽተኛ አያያዝ ስንጽፍ ቈይተናል። በዚህ ወር ግን ከወትሮው የተለየ ጥያቄ ደርሶናል። በቢቸና የሚኖሩ አንዲት እናት እንደ ጻፉልን፣ የዐሥር ዓመት ልጃቸው ከጓሮው አጥር ላይ አንዲት እስስት ይዞ ወደ ቤት አገባ። በካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፎ ከአልጋው ሥር አኖራት። እንጀራ ፈትፍቶ አቀረበላት፤ ወተትም በስኒ ሰጣት፤ እርሷ ግን ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አንዳች አልቀመሰችም። የወገቧ አጥንት ወጥቷል፤ ዓይኖቿም ወደ ውስጥ ገብተዋል። ጎረቤቶች «ርኩስ ናትና ወደ መንገድ ጣሏት» ይላሉ። ልጁ ደግሞ «እርሷ ካልበላች እኔም አልበላም» እያለ ከገበታ መሸሽ ጀምሯል። እናቲቱ የሚጠይቁን ሁለት ነገር ነው። እስስቲቱን ማዳን ይቻላልን? ልጁንስ ምን ልበለው?

ይህን አንብቦ የሚሥቅ ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን አልሣቅንም። ልጅ ዛሬ ለትንሽ ፍጥረት የሚያሳየው ርኅራኄ፣ ነገ ከታመመ ወንድሙና ካረጀች እናቱ አጠገብ የሚያቆመው ርኅራኄ ነው። ነገር ግን ርኅራኄ ብቻውን አይበቃም፤ ዕውቀት ሊመራው ይገባል። በየቤታችን አንድ በሽተኛ እህል እንቢ ሲለው «በሞቴ፣ በሞቴ» እያልን ጉርሻ በጉርሻ ላይ እንደራርብበታለን። ፍቅር ነው፤ ሆኖም ጉሮሮው ቈስሎ ወይም ሆዱ ተዘግቶ እንደ ሆነ አስቀድመን አንጠይቅም። አልበላም ላለ ፍጥረት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ላብላው?» የሚለው ሳይሆን፣ «እንዳይበላ የከለከለው ምንድር ነው?» የሚለው ነው።

አስቀድመን ለጎረቤቶች ነገር መልስ እንስጥ። እስስት በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ተንቀሳቃሾች ጋራ መቈጠሯ እውነት ነው። የማይበላ ማለት ግን ወደ መንገድ የሚጣልና በድንጋይ የሚወገር ማለት አይደለም። ፈረስና በቅሎም አይበሉም፤ ነገር ግን ገብስ እየሰጠን እናኖራቸዋለን። መርዝ አለባት የሚባለውም ወሬ ብቻ ነው፤ እስስት መርዝ የላትም። ይልቁንስ መጠንቀቅ የሚገባው ከሌላ ነገር ነው። እስስትን የመሰሉ እንስሳት ራሳቸው ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የተባለውን የተቅማጥ ተሕዋስ በአንጀታቸው ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ የነካት ልጅ ወዲያው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ወደ ማድ ቤት አይውሰዳት፤ ለጨቅላ ሕፃንም አያስይዛት።

አሁን ወደ በሽተኛዋ እንመለስ። እኛም፣ ላምም፣ ዶሮም ከምንበላው እህል የሰውነታችንን ሙቀት እናገኛለን። እስስት ግን እንዲህ አይደለችም፤ ሙቀቷን የምትለምነው ከፀሓይ ነው። ማለዳ አጥር ላይ ያያት ሰው ጎኗን ወደ ፀሓይ አዙራ፣ ሰውነቷን አጥቊራና ጠፍጥፋ እንደምትቀመጥ ያውቃል። ሰውነቷ ሳይሞቅ ሆዷ እህል አይፈጭም፤ በብርድ የዋጠችው ነገር በሆዷ ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍታ በላይ ያሉ ከተሞች ናቸውና ሌሊታቸው ብርድ ነው። በሜዳ ያለች እስስት የሌሊቱን ብርድ የምትችለው የቀኑ ፀሓይ ስለሚክሳት ነው። ከአልጋ ሥር ያለች ግን ሌሊቱም ቀኑም አንድ ይሆንባታል። እንግዲህ የቢቸናዪቱ እስስት እንቢ ያለችው ስለ ናቀች አይደለም፤ ብትበላ ሊፈጭላት የሚችል ሙቀት ስለሌላት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ካርቶኑን ትቶ እርሷን ወደ ቅርንጫፍ ማውጣት ነው። በጓሮ ካለ ቊጥቋጦ ላይ፣ ድመትና ዶሮ በማይደርሱበት፣ ግማሹ ፀሓይ ግማሹ ጥላ በሆነበት ቦታ ትቀመጥ። ጥላው እንዳይረሳ አደራ እንላለን፤ ስትሞቅ ወደ ጥላ መሸሽ አለባትና። በጠርሙስ ወይም በቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ ፀሓይ ላይ ማስቀመጥ ግን መቀቀል ነው። በመስኮት መስተዋት የሚገባውም ፀሓይ አይበቃም፤ አጥንት የሚያጠነክረውን ጨረር መስተዋቱ ያስቀረዋልና። እናቶቻችን ሕፃናትን ጧት ጧት ፀሓይ እንደሚያሞቁ ሁሉ እርሷም ያለዚህ ጨረር አጥንቷ ይለዝባል፤ መንጋጋዋም ይደክማል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ዓይን ወደ ውስጥ መግባቱ በብዙው የጥማት ምልክት ነው። ልጁ ደግሞ በስኒ ማቅረቡ አይፈረድበትም፤ እስስት ግን በስኒ የቆመ ውሃ እንደ ውሃ አይታያትም። የምትጠጣው ጤዛና የዝናብ ጠብታ ከቅጠል ላይ እየላሰች ነው። ጧትና ማታ ቅጠሉን ለጥቂት ደቂቃ ያህል በቀስታ በንጹሕ ውሃ ይርጩላት፤ ጠብታው ሲያብረቀርቅ ራሷ ትቀርባለች። አፏን ከፍቶ ውሃ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም፤ የመተንፈሻዋ ቀዳዳ በአፏ ውስጥ ስለ ሆነ ውሃው ወደ ሳንባዋ ይገባል። ጠጥታ ስትረካ ከኵሷ ጋራ የሚወጣው ጠጣር ነገር ነጭ ይሆናል፤ ብጫ ከሆነ ገና ጥማት አለባት።

ሦስተኛው ጸጥታ ነው። የመንደር ልጆች እየተቀባበሉ የሚይዟት፣ በቀን ዐሥር ጊዜ የምትጐበኝ እስስት አትበላም። ለእርሷ የሰው እጅ የአሞራ ጥፍር ይመስላታልና። ልጁ በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ሊረጭ ይቅረብ፤ ከዚያ በኋላ ከሩቅ ሆኖ ይመልከት።

ምግብ የሚመጣው ከነዚህ ከሦስቱ በኋላ ነው። እንጀራ፣ ሥጋና ወተት ምግቧ አይደሉም። ዓይኗ የሚፈልገው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ ትንሽ ፌንጣ፣ ዝንብ፣ ቢራቢሮ። መጠኑ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ። የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ የተያዘ ፌንጣ አይሰጣት። ያልበላችውንም ነፍሳት አብሮ ማሳደር ደግ አይደለም፤ ደካማን ይነክሳሉና። ጤነኛ እስስት ምላሷን ከገላዋ ርዝመት አሳልፋ ዓይን ሳይጠቀስ ትወረውራለች፤ ለደከመችው ግን ፌንጣውን በቀጭን እንጨት ጫፍ ይዞ ከአፏ አጠገብ ማቅረብ ይረዳታል። አፏን በስንጥር ፈልቅቆ ማጉረስ ግን መንጋጋ ይሰብራል።

በሞጣ ስናስተምር አንድ ተማሪ እንደዚሁ የከሳች እስስት በጓሮው ጌሾ ላይ አስቀምጦ ሲጠብቅ አይተናል። ሁለት ቀን ውሃ ብቻ ላሰች፤ በአምስተኛው ቀን አንድ ፌንጣ ወሰደች፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትበላ ጀመር። የልጁ ጥበብ በየደቂቃው ሊያነሣት አለመፈለጉ ነበር።

አስታማሚ የበሽተኛን ፊት እንደሚያነብ ሁሉ የእስስትን ቀለም ማንበብ ይማራል። እኛ በቃሉ የማይጸና ሰው ስናይ «እስስት» እንለዋለን፤ ቀለሟን የምትለውጠው ለማታለል ይመስለናልና። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በማዳጋስካር እስስት ቆዳ ሥር እጅግ ረቂቅ ብርሃን አንጸባራቂ ቅንጣቶች እንዳሉ፣ የቅንጣቶቹም መራራቅና መቀራረብ ቀለሙን እንደሚለውጠው ገልጸዋል። ለውጡ የሚመጣው ከብርድ፣ ከሙቀት፣ ከፍርሃትና ከጠብ ነው። እንግዲህ ቀለሟ ከሐሰት ይልቅ ለእውነት ይቀርባል። በማለዳ መጥቈሯ ፀሓይ ፍለጋ ነው፤ ሌሊት ተኝታ መንጣቷም ደኅና ነው። ሞቃ ሳለች ቀኑን ሙሉ ጠቊራ ከዋለች፣ ወይም በቀን ዓይኗን ጨፍና ከተቀመጠች ግን ሕመሙ ጠንቷል። ቅርንጫፍ መጨበጥ ሲያቅታት፣ መንጋጋዋ ሲያብጥ፣ አፏን ከፍታ ስትተነፍስም እንዲሁ ነው።

እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ፣ ወይም ፀሓይና ውሃ አግኝታ ከሳምንት በኋላም ካልበላች፣ የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ይገባል። በሆዷ ትል ሊኖር ይችላል፤ በአፏ ውስጥም ቊስል ሊኖር ይችላል። የወረዳ ክሊኒክ ሐኪሞች የለመዱት በሬና በቅሎ ቢሆንም ምክራቸው አይናቅ። የበሬን የትል መድኃኒት በግምት ቈርሶ መስጠት ግን ክፉ ነው። እርሷ ከጥቂት ማንኪያ ጤፍ የማትከብድ ስለ ሆነች ለበሬ ኢምንት የሆነው ለእርሷ ሞት ነው። ሆዷ ጐልቶ ከሆነ ደግሞ አርግዛ ሊሆን ይችላል፤ እርጉዝ እስስት በመጨረሻ ጊዜዋ መብላት ትቀንሳለች።

ስትበረታ ወደ ተያዘችበት አጥር ትመለስ። የዱር እንስሳትን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ የዱር ፍጥረት እንደ ቤት ከብት ማንም የሚይዘው እንዳልሆነ ያሳስበናል። የሚሻለውም በፀሓያማ ጧት መመለስ ነው፤ ማታ ብትለቀቅ ሳትሞቅ ብርዱ ይይዛታልና። ጓሮ ውስጥ ብትኖር ዝንብና ፌንጣ እየለቀመች ለቤተ ሰቡ ትጠቅማለች እንጂ አትጎዳም።

አሁን ስለ ልጁ። እኅታችን ሆይ፤ «ለእንስሳ ብለህ ትራባለህን?» ብለው አይቈጡት። ሥራ ይስጡት። ውሃ የሚረጨው እርሱ ይሁን፤ ፌንጣ የሚይዘው እርሱ ይሁን፤ ቀለሟንና የበላችውን በደብተር የሚጽፈውም እርሱ ይሁን። ከዚያም «አስታማሚ ከተራበ በሽተኛውን ማን ይጠብቀዋል?» ብለው ወደ ገበታ ይጥሩት። ይህን ነገር ልጅ ይረዳዋል።

እስስቲቱ ብትሞትስ? ዐሥራ ሁለት ቀን ሳትበላ የቈየች ናትና ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ በሌሊት ጥሎ «ወደ ዱር ሄደች» ማለት አይገባም። ልጁ አጥሩን እየዞረ ይፈልጋታል፤ አንድ ቀንም እውነቱን ሲያገኝ ከእስስቲቱ ይልቅ የእናቱን ቃል ያጣል። እንደ ሞተች ይንገሩት፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቅበራት፤ ማልቀስ ቢፈልግም ያልቅስ። ውሃና ፀሓይ እንደ ሰጣት፣ ሊሰጣት የሚችለውም ይህ እንደ ነበረ ይንገሩት። ሰው ለሚያስታምመው ሁሉ የሚችለውን ያደርጋል፤ መዳኑ ግን በእጁ አይደለም። ይህን በትንሿ ፍጥረት ላይ የተማረ ልጅ በትልቁ ኀዘን ቀን አይወድቅም።

ሰላመ እግዚአብሔር ከቤታችሁ አይለይ።