ገዢው የት ነው?

75 ሺሕ ዶላር። ቀይ መስቀል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሪፖርት፣ አልቢኒዝም ያለበት፣ ማለትም ከውልደቱ ቆዳውና ፀጉሩ ነጭ የሆነ ሰው ተገድሎ እጅና እግሩ፣ ጆሮው፣ አፍንጫው፣ ምላሱና ብልቱ ባንድ ላይ ሲሸጥ በታንዛኒያ ስውር ገበያ የሚያወጣው ዋጋ ይህን ያህል እንደሚደርስ ጽፎ ነበር። በየዓመቱ ሰኔ 6 ቀን የዓለም የአልቢኒዝም ግንዛቤ ቀን ሲከበር ስለዚህ ግድያ ብዙ ይባላል። የሚደጋገመው ምክንያት ግን ሁሌም አንድ ነው፤ ድንቁርና። ኋላ ቀር እምነት፣ ያልተማረ ሕዝብ፣ የገጠር ጠንቋይ። እኔ ደግሞ ያን ዋጋ ባየሁ ቁጥር ሒሳብ መሥራት ይቀናኛል። በዚያ ዓመት አንድ ታንዛኒያዊ በአማካይ አንድ ሺሕ ዶላር እንኳ አያገኝም ነበር። በቆሎውን ሸጦ ለልጆቹ ዩኒፎርም የሚገዛ ገበሬ 75 ሺሕ ዶላር ከየት ያመጣል? ያልተማረው ድሃ በዚህ ገበያ ውስጥ የለም አልልም፤ አለ፣ ግን ገጀራ ያዥ ሆኖ ነው። ከፋዩ ሌላ ሰው ነው።

ግድያው ገንኖ የወጣው እ.ኤ.አ. ከ2006 እና ከ2007 ወዲህ ሲሆን፣ ስፍራው በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ያሉት ምዋንዛ፣ ሺንያንጋና ጌይታ ናቸው። ጌይታና ሺንያንጋ የወርቅ አገር ናቸው። ሐይቁ ደግሞ ፋብሪካ ገብቶ ወደ አውሮፓ የሚላክ የናይል ፐርች ዓሣ ይወጣበታል። ወርቅ ቆፋሪው ወራት ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ ባዶ እጁን ሲወጣ፣ ከጎኑ የሚቆፍረው ባልንጀራው በአንድ ሌሊት ባለጸጋ ሆኖ ያድራል። ለምን እሱ? ለምን እኔ አይደለሁም? ይህን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው በሞላበት አገር «ምሥጢሩን እኔ አውቃለሁ» የሚል ጠንቋይ ደንበኛ አያጣም። አልቢኒዝም ያለበትን ሰው አጥንት ጉድጓዱ ውስጥ ቅበር፣ ወርቁ ይወጣል ይለዋል። ዓሣ አጥማጁን ደግሞ ፀጉሩን ከመረብህ ጋር ሸምነው ይለዋል።

«የጥንት ባህል ነው» የሚለውን አባባል የማልቀበለውም ለዚህ ነው። አልቢኒዝም ያለበትን ሰው እንደ መንፈስ ማየት፣ አይሞትም ይሰወራል ማለት፣ ሲያልፍ መትፋት የቆየ ነገር ሊሆን ይችላል። አካሉን ቆርጦ በዋጋ መሸጥ ግን በዚህ መጠን የመጣው ወርቁና ዓሣው ካመጡት ጥድፊያ ጋር ነው። ገበያው ወጣት ነው። ሞባይል ስልክ ያለው፣ ደላላ ያለው፣ ድንበር የሚሻገር ገበያ ነው። ከታንዛኒያ ጋር በሚዋሰነው በቡሩንዲው የሩዪጊ ግዛት በ2008 እና በ2009 የተገደሉ ሰዎች አካል ወደ ታንዛኒያ ይሻገር እንደነበር እዚያው በዋለው ችሎት ተሰምቷል።

ይህን ገበያ ከውስጥ ካሳዩን ሰዎች መካከል ያኔ የቢቢሲ ጋዜጠኛ የነበሩት ታንዛኒያዊቷ ቪኪ ንቴቴማ ግንባር ቀደም ናቸው። በ2008 ማንነታቸውን ደብቀው ጠንቋዮች ዘንድ ሄዱ። ምን መስለው እንደሄዱ ልብ ይበሉልኝ። የታመመች እናት ወይም ዝናብ የጠፋባት ገበሬ መስለው አልነበረም፤ ንግዷ እንዲሰምርላት የምትፈልግ ነጋዴ ሆነው ነው። ያቺ ነጋዴ በሮች ሁሉ ተከፈቱላት፣ ዋጋም ተነገራት። ዘገባው ከወጣ በኋላ ግን ማስፈራሪያው በረታና ጋዜጠኛዋ ራሳቸው ተደብቀው ለመኖር ተገደዱ።

የታንዛኒያ መንግሥት ዝም አላለም። ፕሬዚዳንት ኪክዌቴ በ2008 አልቢኒዝም ያለባቸውን አል-ሻይማ ክዌጊርን የፓርላማ አባል አድርገው ሾሙ። ጠቅላይ ሚኒስትር ፒንዳ ገዳይ እጅ ከፍንጅ ከተያዘ እዚያው ይገደል የሚል ንግግር አድርገው ሲተቹ፣ በ2009 መጀመሪያ ፓርላማ ውስጥ አለቀሱ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሕዝቡ የሚጠረጥራቸውን ገዳዮችና ጠንቋዮች ስም በወረቀት ጽፎ በምስጢር ሳጥን ውስጥ እንዲጨምር ተደረገ። መስከረም ላይ የመጀመሪያዎቹ የሞት ፍርዶች ተሰጡ፤ በ2015 ጥር ደግሞ ጥንቆላ ታገደ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ እንባ የውሸት ነበር አልልም። ግን የእርምጃዎቹን ዝርዝር እንደገና ቢያዩት ከሹመቱ በቀር ሁሉም ወደ ታች የሚያዩ ናቸው፤ ወደ ጠንቋዩ፣ ወደ ገጀራው፣ ወደ መንደሩ። ያገሩ የንግድና የፖለቲካ ሰው ወረቀት ላይ ስሙ ቢጻፍ እንኳ ማን ያነበዋል?

በ2015 የታንዛኒያ ምርጫ ሲቃረብ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ባለሙያዎች ጥቃቱ ሊጨምር እንደሚችል አስጠንቅቀው ነበር። ይህ ማስጠንቀቂያ በራሱ ብዙ ይናገራል። ለሥልጣን ወንበር የሚወዳደር ገበሬ የለም።

የተጠቂዎቹ ዕጣስ? ልጆቹ ተሰብስበው ተዘጋባቸው። ሺንያንጋ ያለው ቡሃንጊጃ አካል ጉዳተኛ ልጆች የሚማሩበት ቦታ ነበር፤ ግድያው ሲበዛ አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ከየመንደሩ እየመጡ ሞሉት። አንድ አልጋ ለብዙ ልጅ ሆነ። ጥቂቶቹ ሕፃናት ሳሉ ገብተው ወላጆቻቸውን ረሱ፤ ሌሎቹን ወላጆቻቸው ረሷቸው። በየመንደሩ ደግሞ ቤተሰብ ሟቹን ከቀበረ በኋላ መቃብሩን በሲሚንቶ ይደፍናል፤ ሌሊት መጥተው ቆፍረው እንዳይወስዱት። እንግዲህ የተሸሸገው ተጠቂው ነው፣ የታጠረው መቃብሩ ነው። ገዢው ሥራው ላይ ነው።

ድንቁርና ለሚለው መልስ ማላዊን ብጠቅስ ይሻላል። በ2018 በማቺንጋ አውራጃ አልቢኒዝም ያለበት አንድ ወጣት ተገደለ። ጉዳዩ በ2022 ፍርድ ሲያገኝ ከተፈረደባቸው መካከል የሟቹ ወንድም ነበረ፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። አንድ የካቶሊክ ቄስ 30 ዓመት ተፈረደበት። አንድ ፖሊስና አንድ የጤና ባለሙያም ነበሩበት። ሴሚናሪ የተማረ፣ ሕክምና የተማረ፣ ሕግ ለማስከበር የማለ፣ አንድ ማኅፀን የተጋራ። ማይሙን ከዚህ ውስጥ እስቲ ፈልጉልኝ። በ2024 ደግሞ በታንዛኒያ ካጌራ ክልል የሁለት ዓመት ተኩል ሕፃን ከእናቷ እቅፍ ተነጥቃ ከተገደለች በኋላ ክስ ከቀረበባቸው ዘጠኝ ሰዎች መካከል የገዛ አባቷና አንድ ቄስ ይገኙበታል።

ስለ አባቶች ካነሳን፣ መጽሐፈ ሄኖክን ከቀኖናዋ ያልለየች ቤተ ክርስቲያን ያለን፣ ሙሉውን መጽሐፍም በግእዝ ጠብቀን ያቆየን ሰዎች አባት የገዛ ልጁን መካዱ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ላሜክ ልጅ ይወለድለታል። ገላው ነጭ፣ ፀጉሩም ነጭ፣ ዓይኑን ሲገልጥ ቤቱ በብርሃን የሚሞላ ሕፃን ነው። ላሜክ አልተደሰተም። ፈርቶ ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ ሮጠ፤ ይህ የኔን አይመስልም፣ ከሰማይ መላእክት ዘር ይሆናል አለ። ማቱሳላም እስከ ምድር ዳርቻ ተጉዞ ሄኖክን ጠየቀ። የሄኖክ መልስ ግልጽ ነበር፤ በእውነት ልጁ ነው፣ ስሙንም ኖኅ ይበለው። አርኖልድ ሶርስቢ የተባሉ እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም በ1958 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ይህንኑ ታሪክ አንሥተው ኖኅ አልቢኒዝም ነበረበት ብለው ጽፈዋል። ያሳምናል አያሳምንም የሊቃውንቱ ጉዳይ ይሁን። እኔን የያዘኝ የአባትየው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ልጁን አይቶ የጠረጠረው ሚስቱን ነው።

በታንዛኒያም በማላዊም አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ሲወለድ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። ከነጭ ጋር ሄዳለች ይባላል፣ አባት ጥሎ ይሄዳል፣ እናት ብቻዋን ትቀራለች። ብቻዋን ያለች ደሃ እናት ቤት በር ደግሞ ሌሊት ለመስበር ቀላል ነው። ሳይንሱ ላሜክን ሳይሆን ሄኖክን ነው የሚደግፈው። ልጁ አልቢኒዝም እንዲኖርበት ዘረመሉን ከእናቱም ከአባቱም መቀበል አለበት፤ ከአንድ ወገን ብቻ ከመጣ አይታይም። ሁለቱም ወላጆች ሳያውቁት ይሸከሙታል፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ አልቢኒዝም የሚኖርበት ዕድል ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ ያ ነጭ ቆዳ አባትየው «የኔ አይደለም» የሚልበት ምክንያት ሳይሆን እጁ እንዳለበት የሚመሰክርበት ማስረጃ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከ17 ሺሕ እስከ 20 ሺሕ ሰው አንድ ሲሆን፣ በታንዛኒያ ግን ከ1,400 ሰው አንዱ ላይ ይገኛል። ያ አገር ይህን ያህል ላሜክ አለው ማለት ነው።

እኛ ጋ የአካል ገበያ የለም። ይህን ስንሰማ «ተመስገን» ብለን ጋዜጣውን እንገለብጣለን፤ እኔም መገልበጥ በወደድኩ። ግን ሰፈር ውስጥ ባርኔጣዋን ደፍታ የምታልፍ ልጅ ላይ «ፈረንጅ!» ብሎ የሚጮኸው የኛው ልጅ ነው። ጥቁር ሰሌዳው አይታየኝም ብሎ ወደፊት ለመቀመጥ የሚለምነውን ተማሪ ሰነፍ የሚለው የኛው መምህር ነው። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ዓይን ብርሃን አይችልም፣ ርቆ ያለውንም በደንብ አያይም፤ መነጽር ብቻውን አያስተካክለውም። ፊት ወንበር ላይ ማስቀመጥና ጽሑፉን ማጉላት ወጪ የለውም። ጠንቋይ ቤት ደጃፍ የሚቆመውን መኪና ዓይነት ያየ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ፣ ባለ ብዙ ብር ደንበኛ የታንዛኒያ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። እኛ አገር ደንበኛው የሚታዘዘው ገብስማ ዶሮና ጥቁር በግ ነው እንጂ፣ ወደዚያ ቤት የሚያስኬደው ጉጉት አንድ ነው።

ከገጀራው ይልቅ በዝምታ ብዙ ሰው የሚገድለው ፀሐይ መሆኑንም ሳልጠቅስ አላልፍም። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ 40 ዓመት ሳይሞላቸው በቆዳ ካንሰር ይሞታሉ። ኪሊማንጃሮ ሥር ባለችው በሞሺ ከተማ ማፋልዳ ሶቶ የተባለች ስፔናዊት ፋርማሲስት እዚያ ካለ ሆስፒታል ጋር ሆና ኪሊሰን የሚባል የፀሐይ መከላከያ ቅባት ማምረት ጀምራ ነበር። ቅባቱ እዚያው ይመረታል፣ ከሚያመርቱት ሰዎች ውስጥ ራሳቸው አልቢኒዝም ያለባቸው አሉ፣ በነፃም ይታደላል። አንድ ቱቦ ቅባት የሚጠይቀውን ገንዘብ ከ75 ሺሕ ዶላር ጋር አስተያዩት፤ በዚያ አገር ለአልቢኒዝም የሚወጣ ገንዘብ ጠፍቶ አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 መጀመሪያ አሩሻ የሚያስችለው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤት፣ ታንዛኒያ አልቢኒዝም ያለባቸውን ዜጎቿን ሕይወትና ክብር ሳትጠብቅ ቀርታለች ሲል ፈረደ። መልካም ፍርድ ነው፣ አስፈላጊም ነበር። የተከሰሰው ግን መንግሥት ነው። የሚቀጥለው የወንጀል ችሎት ሌላ ጥያቄ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ታንዛኒያ ውስጥ ኤም-ፔሳ ከ2008 ጀምሮ ይሠራል፤ እኛ በቴሌብር እንደምንልከው ሁሉ ሰው በስልኩ ገንዘብ ይላላካል፣ እያንዳንዱ ዝውውርም ቁጥርና ሰዓት አለው። ገጀራ የያዘው ሰው ከተያዘ ስልኩም ተይዟል። ከግድያው በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት ወደዚያ ስልክ ገንዘብ የላከው ማን ነው? ለላኪውስ ማን ላከለት?