ለከባድ ብጉር፦ ኪኒኑ በየቀኑ ወይስ በወር አንድ ሳምንት?

ውድ ወላጆች፣ «ዶክተር፣ ልጄ የብጉሩን ኪኒን በየቀኑ ከሚውጥ በወር አንድ ሳምንት ብቻ ቢወስድስ?» የሚል ጥያቄ ይበዛል። ስለ አይሶትሬቲኖይን ነው። ስጋታችሁ ይገባኛል፤ ከንፈር ያደርቃል፣ ቆዳ ፀሐይ እንዳይችል ያደርጋል፤ የድሬዳዋን ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

በወር አንድ ሳምንት መውሰድ ድርቀቱን ይቀንሳል። ነገር ግን ጠልቆ እየመገለ ጠባሳ ለሚተው ብጉር አይበቃም። ጠባሳው አንዴ ከቀረ ይህ ኪኒን አያጠፋውም። ስለዚህ እኔ የምመርጠው በየቀኑ፣ ከትንሽ መጠን ጀምሮ ሰውነቱ እንደቻለው መጨመርን ነው።

ስሌቱን እዩት። የተለመደው የሕክምናው ጠቅላላ መጠን በኪሎ ከ120 እስከ 150 ሚሊግራም ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ትንሹ 6000 ሚሊግራም ይሆናል። በቀን 40 ከወሰደ 5 ወር፣ 20 ከወሰደ 10 ወር ይፈጃል። መጠኑ ሲያንስ ትዕግሥቱ ይረዝማል። ኪኒኑ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይዋጥ፤ የጉበትና የደም ቅባት ምርመራም አይዘለል።

በአንድ ነገር ግን አልደራደርም፦ መጠኑ ቢያንስም፣ አልፎ አልፎ ቢወሰድም ፅንስ ይጎዳል። ሴት ልጅ ከመጀመሯ በፊት የእርግዝና ምርመራ ታድርግ፤ እየወሰደችም ሆነ ካቆመች በኋላ ለ1 ወር ማርገዝ የለባትም። የወንድሟን ኪኒን «ትንሽ ልሞክር» ብላ እንዳትወስድ ዛሬውኑ ንገሯት።

መጠኑን ከሐኪማችሁ ጋር ወስኑ። ጤና ይብዛላችሁ!