18 ካራት አልማዝ

ባለፈው ሰሞን ይርጋጨፌ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቡና እየጠጣን ሳለ ስልኩን አውጥቶ የቀለበት ፎቶ አሳየኝ። ሽማግሌ ልኮ «እሺ» ተብሏል፤ የቀረው ቀለበት ማሰር ነው። ቀለበቱን የሚያመጣለት ከዱባይ ዕቃ እያስመጣ የሚሸጥ ሰው ነው።

«የአልማዝ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስንት ካራት ነው?»

«18 ካራት!»

እኔም «ኧረ!» ብዬ አደነቅኩና ዝም አልኩ። ነገሩ የከነከነኝ ቤቴ ገብቼ ሳሰላው ነው። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። ስለዚህ 18 ካራት አልማዝ ማለት 3.6 ግራም የሚመዝን፣ ክብ ሆኖ ከተቆረጠ ደግሞ ወርዱ ወደ 17 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ድንጋይ ነው። ከቀይ እሸት ቡና ፍሬ ይተልቃል! እንዲህ ያለ ድንጋይ ጣቷ ላይ አድርጋ ገበያ የምትወጣ ሙሽራ ካለች ከኋላዋ ጠባቂ ያስፈልጋታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። 18 ካራት የተባለው ፈርጡ ሳይሆን ወርቁ ነው። «ካራት» የምንላት ቃል ሁለት ሥራ አላት። ለወርቅ ስትሆን የንጽሕና መለኪያ ናት፤ 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው፣ 18 ካራት ደግሞ 75 ከመቶው ወርቅ፣ የቀረው ሌላ ብረት ነው። ለአልማዝ ስትሆን ግን ክብደት ናት። ጓደኛዬ ስለ ወርቁ ተነግሮት ስለ አልማዙ ያወቀ መስሎታል። ሻጩ ዋሸ ለማለት እንኳ አይመችም። ያልተጠየቀውን አልመለሰም፤ ያ ብቻ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሊከፍል ያሰበው ገንዘብ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ነው። ግማሹ የራሱ ቁጠባ ነው፤ ግማሹን አባቱ ከቡናቸው ላይ ነው ያካፈሉት። በእኛ አካባቢ ከቡና የሚገኝ ገንዘብ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። የልጆች ትምህርት ቤት፣ የክረምቱ ቀለብ፣ የቤቱ ቆርቆሮ፣ የእድሩ ክፍያ ሁሉ በዚያችው ላይ ነው የተንጠለጠለው። ከዚያ ላይ ተቆርሶ የተሰጠ ብር «የአልማዝ ነው» በሚል አንድ ቃል መሄድ የለበትም።

የሚገርመው ነገሩ ቡና ቢሆን ኖሮ ጓደኛዬ እንዲህ አይሸወድም ነበር። «ይርጋጨፌ ቡና ነው» ብሎ ጆንያ የሚያስጠጋውን ሰው «ደረጃው ስንት ነው? የታጠበ ነው ወይስ በፀሐይ የደረቀ? ከየትኛው ጣቢያ ነው?» ብሎ ያፋጥጠዋል። ልክ ነው። «ይርጋጨፌ» የሚለው ስም ዓለም የሚያውቀው ስም ነው፤ ኢትዮጵያ ይህንን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ብዙ ተሟግታ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር እስከ መፈራረም ደርሳለች። ግን ስም ብቻውን ደረጃ አይደለም። አንደኛ ደረጃውም ይርጋጨፌ ነው፣ አራተኛውም ይርጋጨፌ ነው። ለዚህም ነው ናሙና የሚወሰደው፣ እንከኑ ፍሬ በፍሬ የሚቆጠረው፣ ከዚያም ተቆልቶ፣ ተፈልቶ የሚቀመሰው። በምርት ገበያው የደረጃ አወጣጥ 40 ከመቶው ነጥብ ከጥሬው፣ 60 ከመቶው ከሲኒው ነው።

አልማዝም እንዲሁ ነው። «አልማዝ ነው» ማለት «ይርጋጨፌ ነው» ከማለት አይበልጥም። ክብደታቸው እኩል የሆኑ ሁለት እውነተኛ አልማዞች አንዱ የሌላውን ብዙ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ደረጃ ነው፤ ደረጃው ደግሞ ምስጢር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1931 የተመሠረተው፣ በምሕጻሩ ጂአይኤ የሚባለው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ያስለመዳቸው አራት መለኪያዎች አሉ። በእንግሊዝኛ አራቱም በ«ሲ» ፊደል ስለሚጀምሩ «አራቱ ሲዎች» ይሏቸዋል። እኔ አራቱ ጥያቄዎች ብላቸው ይሻለኛል።

አንደኛው ክብደት ነው። ስለ ካራት ከላይ ብለናል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዋጋው ከክብደቱ ጋር እኩል አይሄድም። ትልቅ ድንጋይ ብርቅ ስለሆነ፣ ጥራታቸው ተመሳሳይ ከሆነ አንድ ባለ አንድ ካራት አልማዝ ከሁለት ባለ ግማሽ ካራት አልማዞች ድምር ይበልጣል። ስለዚህ ከአንድ ካራት ጥቂት ዝቅ ያለውን የገዛ ሰው፣ በዓይን የማይታወቅ ልዩነት ሰጥቶ ጥሩ ብር ያተርፋል።

ሁለተኛው ቀለም ነው። መለኪያው ምንም ቀለም ከሌለው «ዲ» ተነሥቶ ቢጫነቱ ወይም ቡኒነቱ እስከሚታወቀው «ዜድ» ይደርሳል። ለእኛ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ እኛ የምንወደው ቢጫ ወርቅ ነው። ቢጫ ወርቅ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ትንሽ ቢጫ ቢያደላ ዓይን አይይዘውም። ለ«ዲ» ከፍሎ በቢጫ ወርቅ ማሠራት ነጭ ሸማ ለብሶ በጭቃ እንደመሄድ ነው። «ጂ» ወይም «ኤች» ይበቃል።

ሦስተኛው እንከን ነው። ባለሙያው ድንጋዩን 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር አይቶ በውስጡና በላዩ ያለውን ጭረትና ነጠብጣብ ይመዘግባል። ደረጃዎቹ 11 ናቸው። ጫፍ ላይ ያለው ጭራሽ እንከን የለሽ ነው፤ ታች ያሉት ሦስቱ እንከናቸው በዓይን የሚታይ ነው። መሐል ላይ «ቪኤስ» እና «ኤስአይ» የሚባሉ አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በዓይን ሲታዩ ንጹሕ ናቸው፤ እንከናቸው የሚገኘው በመነጽር ነው። ሙሽራይቱን በመነጽር የሚመረምር ዘመድ ከሌለ ለማይታይ ነገር ብዙ ብር መክፈል አያስፈልግም።

አራተኛው አቆራረጥ ነው፤ ለኔ ዋናው እሱ ነው። ሦስቱን ተፈጥሮ ነው የሰጠችው፤ ይህን ሰው ነው የሠራው። ድንጋዩ በልክ ከተቆረጠ የገባበትን ብርሃን ወደ ዓይናችን ይመልሳል፤ ያ ነው የምንወደው ብልጭታ። በጣም ጥልቅ ወይም በጣም ጠፍጣፋ ከሆነ ብርሃኑ በሆዱና በጎኑ ያመልጣል፣ ድንጋዩም ይደበዝዛል። አንዳንድ ቆራጮች ደግሞ ክብደት እንዳይባክን ሲሉ ሆዱን ያወፍሩታል። ካራት ቆጥሮ የሚገዛ ሰው የከፈለበት ክብደት የተደበቀው እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው። ቡናችንም እንዲሁ አይደል? ጥሩ እሸት ሆኖ ሳለ እጥበቱና አደራረቁ ሲበላሽ ሲኒው ላይ ይታወቃል። ገንዘብ የሚቆጠብ ከሆነ ከክብደቱ ይቆጠብ እንጂ ከአቆራረጡ አይቆጠብ።

እነዚህን አራት መልሶች ሻጩ በቃል ቢነግራችሁ አይበቃም። ወረቀት ጠይቁ። ወረቀት ስል ሻጩ ራሱ ያተመውን የሚያብረቀርቅ ካርድ ማለቴ አይደለም፤ የራሱን ቡና ራሱ ቀምሶ «አንደኛ ነው» የሚል ነጋዴ ማን ያምነዋል? ከሻጩ ጋር ጥቅም የሌለው ቤተ ሙከራ የሰጠው ሪፖርት ማለቴ ነው። ሪፖርቱ ቁጥር አለው፤ የጂአይኤ ከሆነ ቁጥሩን በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማመሳከር ይቻላል። ብዙ ጊዜም ያው ቁጥር በድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር በረቂቁ ተጽፎ ይገኛል። እናንተ ዲላ ቁጭ ብላችሁ ይህን በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ።

«መስታወት ይጭራል»፣ «ትንፋሽ አይይዝም» የሚሉትን የሰፈር ፈተናዎች ተዉአቸው። መስታወት የሚጭር ድንጋይ ብዙ ነው። ሞይሳናይት የሚባለው ድንጋይ ደግሞ አልማዝ ሳይሆን፣ ሙቀት ብቻ የሚለካውን የወርቅ ቤት መሣሪያ ሳይቀር ያታልላል።

አሁን ደግሞ አምስተኛ ጥያቄ ተጨምሯል፦ ከመሬት የወጣ ነው ወይስ በቤተ ሙከራ የተሠራ? ጄኔራል ኤሌክትሪክ አልማዝ መሥራት መቻሉን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ዛሬ ለጌጥ የሚሆነው በብዛት ይመረታል። ሐሰተኛ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ያው ካርቦን ነው፣ በዓይንም አይለይም። የሚለየው ዋጋው ነው። ዲቢርስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላይትቦክስ በሚል ስም አንዱን ካራት በ800 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ የቤተ ሙከራው አልማዝ ዋጋ ግን እየወረደ ሄዶ በ2025 ይህን ንግዱን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የቤተ ሙከራውን ዐውቆ በርካሽ መግዛት ብልህነት ነው። ሳያውቁ በመሬቱ ዋጋ መግዛት ኪሳራ ነው። ዐውቆ ገዝቶ እጮኛን «ከመሬት የወጣ ነው» ማለት ግን ከሁሉም ይከፋል። ትዳር በዚህ አይጀመርም።

«አልማዝ ቢያንስ ንብረት ነው፤ ሲቸግር ይሸጣል» የሚልም አለ። ወርቅ ከሆነ እውነት ነው፤ ወርቅ ቤት ሄዳችሁ በግራም ተመዝኖ ይገዛችኋል። አልማዝ ግን የግራም ዋጋ የለውም። መልሶ የሚገዛ ሰው ቢገኝም ከከፈላችሁት እጅግ ያነሰ ነው የሚሰጣችሁ። ወረቀት ከሌለው ደግሞ የሚመዘንላችሁ ወርቁ ብቻ ነው።

«ፍቅር በወረቀት አይለካም» የምትሉኝ እንዳላችሁ ዐውቃለሁ። እኔም አልለካሁትም፤ የምለካው ድንጋዩን ነው። ይልቅ ፍቅርን በድንጋይ መለካት ያስተማሩን ሌሎች ናቸው። አልማዝ ዘላለማዊ ነው የሚለውን ማስታወቂያ እ.ኤ.አ. በ1947 ለዲቢርስ የጻፈችው ፍራንሲስ ጌሬቲ የምትባል የማስታወቂያ ድርጅት ሠራተኛ ናት። አያቶቻችን ያለ እሷ ምክር ተጋብተው ዕድሜ ልካቸውን አብረው ኖረዋል። አልማዝ አትግዙ እያልኩ አይደለም። ግዴታ ስላልሆነ፣ ከገዛችሁ ዐውቃችሁ ግዙ እያልኩ ነው።

«እንግዲያውስ የአገሬን ፈርጥ ላሠራ» ለሚልም ጥያቄው አይቀርለትም። በጉጂ ከሻኪሶ ወገን እ.ኤ.አ. በ2016 የተገኘው ኤመራልድ አለ፤ በ2008 ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው የወሎ ኦፓልም አለ። ሁለቱም ያምራሉ። ግን ኤመራልድ ስንጥቁ እንዳይታይ በዘይት የሚታከምበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የወሎ ኦፓል ውኃ ይመጥጣል፣ ከአልማዝም እጅግ ይለሰልሳል። በየቀኑ ዕቃ ለሚያጥብ እጅ የሚሆን መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጓደኛዬን በማግሥቱ አገኘሁትና ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ለሻጩ ላከለት። መልሱ አጭር ነበር፦ «እኛ የምንሠራው በእምነት ነው፤ ካላመንከኝ ተወው።»

ተወው። አባቱ ነገሩን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ደረጃውን ሳይነግርህ ነው ዋጋውን የነገረህ?»

ቀለበት ልታስሩ የተዘጋጃችሁ ሁሉ፣ ይህቺን የአባትየውን ጥያቄ ያዙልኝ። ብሩን ከመላካችሁ በፊት ጠይቁበት።