የጊቤን ውኃ ከምንጩ እንጠብቅ

የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያረባ ሰው፣ ከዓሣው እዳሪና ከተረፈው ምግብ የሚወጣው አሞኒያ በባክቴሪያ ኃይል ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱም ወደ ናይትሬት ተለውጦ በበዛ ጊዜ፣ ከአሮጌው ውኃ ከፊሉን አፍስሶ፣ ንጹሕ ውኃ ከጨው ጋር በልክ በጥብጦ ይተካበታል። በሰኮሩ አጠገብ የተንጣለለው የግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ግን እንዲህ ባለ ቅያሬ የሚነጻ አይደለም።

በቡና ለቀማ ወራት ቀይ እሸቱ ተፈልፍሎ ሲታጠብ፣ ልጣጭና ሙጫ የተቀላቀለበት የኮመጠጠ ውኃ ሐይቁን ወደሚመግብ ወንዝ ከተለቀቀ፣ ስኳሩን የሚመገቡት ረቂቃን ፍጥረታት ዓሣ የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ የክረምት ጎርፍም ከማሳው ማዳበሪያንና የከብት ፍግን አጥቦ ሲጨምርበት፣ ናይትሬት ይበዛል፣ አልጌም ይለመልማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው የናይትሬት ልክ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ ማለፉ ይልቁንም በጡጦ ለሚመገቡ ሕፃናት ጠንቅ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም የቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ ፍሳሹን የሚያጠራቅምበት ጉድጓድ ሳይቆፍር፣ ልጣጩንም ወደ ኮምፖስት ሳይለውጥ ሥራ እንዲጀምር ሊፈቀድለት አይገባም፤ ገበሬውም የወንዙን ዳርቻ ሳያርስ ለሣርና ለዛፍ ይተው፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ምሁራንም ውኃውን በየወቅቱ እየመረመሩ ውጤቱን ለሕዝብ ያስታውቁ። ይህ ሐይቅ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ጣቢያ የሚያንቀሳቅስ፣ ውኃውም በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወርዶ ሁለተኛውን የጊቤ ጣቢያ የሚያገለግል ሀብት ነውና፣ ፈጣሪ የሰጠንን በረከት በንጽሕና ጠብቆ ለተከታዩ ትውልድ ማስረከብ የሁላችን አደራ ነው።