ቡናው ጋ ያለው ጉባኤ

አዳማ ላይ ነው፣ የፋርማሲስቶች ዓመታዊ ጉባኤ። መርሐ ግብሩ 2፡30 ይላል፤ የክብር እንግዳው 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ደረሱ። የባከነው ጊዜ እንደተለመደው ከሻይ ሰዓታችን ላይ ተቆረጠ። በተረፈችን 15 ደቂቃ ረከቦቱ አጠገብ ስኒዬን ይዤ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ባለሙያ ለጓደኛዋ፣ «እኛ ጋ'ኮ ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ወር የቀረው ኢንሱሊን ተከምሯል» ስትል ሰማሁ። የማያውቃት ሰው ከወዲያ ማዶ ዞር አለና «ምን አልሽ የኔ እህት? እኛ እኮ ታካሚ እየመለስን ነው!» አላት። ስልክ ሲለዋወጡ አስተናባሪው እያጨበጨበ «እባካችሁ ግቡ፣ ጊዜ የለንም!» አለ። ገባን። ስለ መድኃኒት አቅርቦት የተዘጋጀ 40 ስላይድ ይጠብቀን ነበር።

ይህ የእኛ አበሳ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ሃሪሰን ኦወን እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ዓመት የለፋበትን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲያጠናቅቅ፣ ሰው ሁሉ የወደደለት የቡና እረፍቱን ሆኖ አገኘው። በ1985 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞንተሬይ ላይ ተናጋሪም አጀንዳም ሳያዘጋጅ ሰዎቹን ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ አደረገ። ማውራት የፈለገ ርዕሱን ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ጉዳዩ የሳበው ይከተለዋል። ክብ መቀመጡን የተማርኩት ላይቤሪያ ውስጥ ባላማ ከምትባል መንደር ነው ይል ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ደግሞ እንዲህ ያለውን ስብስብ ከእንግሊዝኛው ተረት ወስደው «የአንድ ዓይነት ላባ ወፎች» ይሉታል። የእኛ አቻ ተረት «ግም ለግም አብረህ አዝግም» ስለሆነ በር ላይ ለጥፎ ሰው መጥራት ያስቸግራል።

በዓመቱ አዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁና ለእንዲህ ያለው ስብስብ አንድ ሰዓት ተኩል ለመንኩ። «ለምን? ቡና ላይ ይገናኙ የለ!» ተባልኩ። ቡና ላይ የሚገናኘው ግን የሚተዋወቅ ነው። አብረው የተማሩት ክብ ሠርተው ይሳሳቃሉ፤ ከአሶሳ ወይ ከጎዴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። ለእሱ ነው ወረቀቱ የሚያስፈልገው።

ሰዓቱ ተፈቀደልኝ። ምዝገባው አጠገብ ፍሊፕ ቻርት አቆምን፣ ማርከር አንጠለጠልን። እስከ ምሳ ማንም አልጻፈም፤ ይሉኝታ ነዋ። በመጨረሻ እኔው «ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ መድኃኒት የት እናድርሰው?» ብዬ ጻፍኩ። ከምሳ ስመለስ ከሥሩ በጥቃቅን ፊደል «ሌሊት ብቻውን ተረኛ የሚሆን ፋርማሲስት» የሚል ተጨምሯል። እስኪመሽ ርዕሱ ዘጠኝ ደረሰ።

ሁሉም አልሰመረም። አምስት ቡድን አንድ አዳራሽ ውስጥ ማስቀመጣችን ጅልነት ነበር፤ መደማመጥ አልተቻለም። አንዱ ክብ ውስጥ ደግሞ የሁላችንም መምህር የነበሩ ትልቅ ሰው ገቡ። ሁሉም ብድግ አለላቸው፣ «ዶክተር እዚህ ይቀመጡ» ተባሉ፤ ከዚያ በኋላ ከእሳቸው በቀር የተናገረ የለም። ቅር የሚሰኙ ሰው አይደሉም፤ አስቀድሞ «ዶክተር፣ ዛሬ መጨረሻ ላይ ይጨምሩልናል» ቢባሉ ኖሮ ይበቃ ነበር።

ኦወን ያልጣመህን ትተህ በእግርህ ወደ ሌላው ሂድ የሚል ሕግ ነበረው። እኛ አገር ታላቅ እያወራ ተነስቶ መሄድ ነውር ነው። መላውን ያገኘችው ቡና የምታፈላልን ልጅ ናት፤ በየክቡ ዞራ «ቶናው ደርሷል!» ስትል መውጣት የፈለገ ሁሉ ስኒውን ይዞ ተነሳ፣ ሲመለስም ሌላ ክብ ውስጥ ተቀመጠ። ማንም አልተቀየመም።

የሌሊት ተረኞቹ 11 ነበሩ። አስተናጋጆቹ ወንበር መደርደር ሲጀምሩ የያዙትን ወንበር አስረክበው ወደ ደረጃው ተሻገሩ፤ እዚያው ተቀምጠው ቀጠሉ።

የዘንድሮው ረቂቅ መርሐ ግብር ትናንት ደረሰኝ። ያ አንድ ሰዓት ተኩል «የስፖንሰሮች ገለጻ» ሆኗል። ማርከርና ፕላስተር ገዝቻለሁ፤ ደረጃው እንደሁ ኪራይ አይጠየቅበትም።