ንጋት ሐይቅ ከመብራቱ በፊት ሕግ ይፈልጋል

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ኖሯል። ዛሬ ዓባይ ማደሪያ አግኝቷል። በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ፣ ከሱዳን ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተኝቷል። ሲሞላ ስፋቱ ወደ 1,900 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስሙም ንጋት ተብሏል።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተቀመጠበት ጀምሮ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከተመረቀበት ዕለት ድረስ የሕዝቡ ወሬ ሜጋ ዋት ነበር። 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ይህ ትክክል ነው፤ ግድቡ የተሠራው ለኃይል ነው። ነገር ግን ከግድቡ ጀርባ የተኛው ውሃ ራሱን የቻለ ሀብት ነው፤ ዓሣ አለው፣ ዳርቻ አለው፣ በዳርቻውም ሰው አለ። የዚህ ሀብት ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው እንደ ግድቡ በትላልቅ አዳራሾች አይደለም። ምናልባትም የሚወሰነው ከክንድ በማትበልጥ አንዲት ዕቃ ነው።

▪️ ትንሿ ዕቃ

ዕቃዋ ውሃ ውስጥ የምትጠልቅ የኤልኢዲ መብራት ናት። ውሃ እንዳያስገባ የታሸገች፣ በ12 ቮልት ባትሪ የምትሠራ፣ ባትሪዋም በሶላር የሚሞላ። በሀብታም አገሮች በየሳሎኑ የምትታወቀው ኮራል በሚያድግባቸው የመስታወት ገንዳዎች ነው። ኮራል እንስሳ ቢሆንም በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ይሠሩለታል። ውሃ ቀዩን ብርሃን ቶሎ ስለሚውጥና በጠራ ባሕር ወደ ጥልቁ የሚዘልቀው ሰማያዊው ስለሆነ፣ የገንዳው መብራትም ወደ ሰማያዊ ያደላል።

እነዚህ ገንዳ ያዢዎች ከልምድ የተማሩት አንድ ነገር አለ፤ ብርሃን በበዛ ቁጥር መልካም አይደለም። አዲስ መብራት የገዛ ሰው በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ኃይሉ ካበራው ኮራሉ ቀለሙን ጥሎ ይነጣል፤ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ በትንሹ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨምራል። ሰዓት ቆጣሪ ይገጥማል፤ ሌሊት ያጠፋል። በውሃው ውስጥ ብዙ ንጥረ ነገር ካለና መብራቱ ከበዛ ደግሞ ገንዳውን አልጌ ይወርሰዋል። ለጥቂት መቶ ሊትር ውሃ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚደረግ ከሆነ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለያዘ ሐይቅ ምን ያህል ሊደረግ ይገባል?

▪️ መብራት ዓሣ ሲጠራ

ይኸው ቴክኖሎጂ በአፍሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላይ ዓሣ ማጥመጃ ሆኗል። አሠራሩ ቀላል ነው። በጨለማ ሌሊት መብራት ሲበራ በዓይን የማይታዩ የውሃ ነፍሳት ይሰበሰባሉ፤ እነሱን ለመብላት ደቃቅ ዓሣ ይመጣል፤ ደቃቁን ተከትሎ ትልቁ ይመጣል። ያን ጊዜ መረብ ከሥር ይነሳል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳጋ የሚባለው፣ በታንጋኒካና በካሪባ ካፔንታ የሚባለው ትንሽ ዓሣ የሚያዘው እንዲህ ነው። ጨረቃ ስትሞላ የሰማዩ ብርሃን ከመብራቱ ጋር ስለሚፎካከር ምርቱ ይቀንሳል፤ ብዙ አጥማጆችም በእነዚያ ሌሊቶች ያርፋሉ። ድሮ ይህ ሥራ በኬሮሲን ፋኖስ ይሠራ ነበር። ኤልኢዲ ሲመጣ የነዳጅ ወጪ ቀረ፣ ጭሱና የቃጠሎ አደጋው ቀነሰ። በዚህ በኩል መብራቷ በረከት ናት።

ታዲያ ለንጋት ሐይቅ ምን ችግር አለው? ችግሩ ከዓሣው ዓይነት ይጀምራል። ዳጋና ካፔንታ በተፈጥሯቸው ትንሽ ናቸው፤ በመንጋ ሆነው በሰፊው ውሃ ላይ ይኖራሉ፤ ቶሎ ይራባሉ። በዓባይ ተፋሰስ የአበሻ ገበያ የሚያውቀው ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ግን እንዲህ አይደሉም። ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ጎጆ ቆፍሮ ይራባል፤ ጫጩቶቹንም በአፉ ይዞ ይጠብቃል። እንዲህ ባለ ዳርቻ ላይ መብራት አብርቶ ጥቅጥቅ ያለ መረብ የሚጥል ሰው በብዛት የሚያወጣው ጫጩት ነው። የዛሬ ጫጩት ደግሞ የከርሞ ገበያ ነው።

ሁለተኛው ችግር ሐይቁ አዲስ መሆኑ ነው። አዲስ ግድብ ሲሞላ ውሃው ሣርና ቅጠሉን፣ አፈሩን ይውጣል፤ ከእነሱ የሚወጣው ምግብ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓሣውን ያበዛዋል። ከዚያ በኋላ ምርቱ ይወርዳል። ይህ በዓለም ብዙ ግድቦች ላይ የታየ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ጥጋብ አይቶ ጀልባ፣ መረብና መብራት የሚያበዛ አካል ሐይቁ ወደ ልኩ ሲመለስ ዕዳ ይዞ ይቀራል፤ ዕዳውን ለመክፈልም የቀረውን ዓሣ ይጠርጋል። በዚያ ላይ የግድብ ውሃ ተርባይን ሲዞር ይወርዳል፣ ክረምት ሲገባ ይሞላል፤ የዳርቻው ጎጆ አንድ ጊዜ በደረቅ፣ አንድ ጊዜ በጥልቅ ይቀራል። ራሱ በዚህ ሁኔታ የሚፈተን ዓሣ ላይ ሌላ ጫና መጨመር አስተዋይነት አይደለም።

▪️ ጣና ያስተማረው

ይህ ፍርሃት ከሩቅ የመጣ አይደለም። ጣና ላይ በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና መረብ ሲገባ የልማት ዜና ነበር። በጣና ብቻ የሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ መረቡም እዚያው ጠበቃቸው። በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው በእጅጉ ወረደ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከአዋጁ በኋላም ርካሽ የፕላስቲክ መረብ ሐይቁን ሞላው። ዕቃው በገበያ ፍጥነት ይመጣል፤ ደንቡ በመሥሪያ ቤት ፍጥነት ይከተላል። በንጋት ሐይቅ ላይ ይህ ቅደም ተከተል ሊገለበጥ ይገባል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

▪️ የካሪባ ትዝታ

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የባለቤትነት ነው። በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ያለው የካሪባ ግድብ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ሲሠራ ወደ 57,000 የሚጠጉ የቶንጋ ሰዎች ከዛምቤዚ ሸለቆ ተነሡ። በ1967 እና 1968 ካፔንታ ከታንጋኒካ መጥቶ ሐይቁ ውስጥ ተለቀቀ፤ ተራባ፤ ትልቅ ኢንዱስትሪም ሆነ። ሌሊት ሌሊት ሐይቁ በማጥመጃ ጀልባዎች መብራት ከተማ ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩንና መብራቱን መግዛት የቻለው በአብዛኛው ካፒታል ያለው ሰው እንጂ መሬቱ የተጥለቀለቀበት ቶንጋ አልነበረም። ከግድቡ የሚወጣው ኤሌክትሪክም ብዙ መንደሮቻቸውን ለአሥርተ ዓመታት አልፏቸው ሄደ።

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይህን ታሪክ ማንበብ ያለበት ሳይደርስበት ነው። ለሐይቁ ሲባል የተነሡት በአብዛኛው ጉሙዞች ናቸው፤ ወንዙን በስሙ የሚያውቁት፣ ዓሣውንም በእጅ መረብና በመንጠቆ ሲይዙ የኖሩት እነሱ ናቸው። በመተከል በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የደረሰው እልቂትና መፈናቀል ጠባሳው አልሻረም። በእንዲህ ያለ ምድር ላይ አዲስ ሀብት ሲገኝና ከሩቅ የመጣ ባለ ጀልባ ሲወስደው፣ ነገሩ የዓሣ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም።

የኤሌክትሪኩ ነገርም እንዲሁ ነው። ከግድቡ የሚወጣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ሆለታ ይጓዛል። በዚህ መስመር ሥር የሚኖር ገበሬ ሽቦውን ቀና ብሎ ያየዋል እንጂ ሊነካው አይችልም። ኃይሉ ቤቱ እንዲገባ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ዝቅተኛ መስመር፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ከግድቡ የተለየ ሌላ ገንዘብና ሌላ ውሳኔ ነው። ቦንድ የገዛው፣ በ8100 የላከው ሕዝብ ሁሉ ይህን ሊያውቅ ይገባዋል። ከሐይቁ በታች መብራት እየበራ ከሐይቁ ዳር ያለች ጎጆ በኩራዝ የምታመሽ ከሆነ፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት «የዓባይን ልጅ መብራት ጠማው» ተብሎ ይቀየራል።

▪️ ክርክሩና መልሱ

«ለደሃ ሥራ እየተፈጠረ ሕግ ሕግ ማለት የጠገበ ሰው ወሬ ነው» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ከአሶሳ እስከ ጉባ ሥራ የሌለው ወጣት ብዙ ነው። በዓቢይ ጾም ዓሣ ገበያው ይደራል። መብራቷም ከሞተር ጀልባ ዋጋ ጋር ስትነጻጸር ርካሽ ናት። የአንድ ሐይቅ ዓሣ ሳይነካ ተቀምጦ ይርጀፍ ማለትም ትርጉም የለውም።

መልሱ ግን ክልከላ አይደለም፤ ቅደም ተከተል ነው።

አንደኛ፣ በሐይቁ ውስጥ ምን ዓይነት ዓሣ፣ የትና በየትኛው ወር እንደሚራባ ሳይጠና የመብራት ማጥመድ አይፈቀድ። ጥናቱ የግድ ዓመታት ይፍጅ ማለት አይደለም፤ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ያላየ ጥናት ግን ጥናት አይባልም።

ሁለተኛ፣ እንደ በለስ ያሉ ገባር ወንዞች ወደ ሐይቁ የሚገቡበት ቦታና ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ለመብራትም ለጥቅጥቅ መረብም ዝግ ይሁን። የጣና ስህተት የተሠራው ወንዝ አፍ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ፈቃድ ለተነሺዎችና ለአካባቢው ወጣቶች ማኅበራት ይሰጥ። ማኅበር ሲባል ደግሞ ስሙ የጉሙዝ፣ ገንዘቡ የሌላ የሆነ ማለት አይደለም። በረዶ ቤት፣ ጀልባና የገበያ መንገድ ከሌለው ፈቃድ ብቻውን ወረቀት ነው።

አራተኛ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባው መብራት በ12 ወይም በ24 ቮልት ብቻ ይሠራ። ከጄኔሬተር የሚመጣ 220 ቮልት በተሰነጠቀ ገመድ ውሃ ሲነካ አጥማጁን ይገድላል። ይህ ሕግ ወጪ የለውም፤ ነፍስ ግን ያድናል።

አምስተኛ፣ «ካሪባ ካፔንታ አምጥቶ ተጠቀመ፣ ንጋትም ያምጣ» የሚል ሐሳብ ቢነሳ በሩ ይዘጋ። በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተለቀቀው የናይል ፐርች በመቶዎች የሚቆጠሩ የአገሬው ዓሣ ዝርያዎችን አጥፍቷል። ከንጋት ሐይቅ የሚወጣው ውሃም ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ አንዴ የተለቀቀ ዓሣ ድንበር ላይ ፓስፖርት አይጠየቅም።

ይህን ሁሉ ለማድረግ አዲስ ተቋም መፍጠር አያሻም። አዋጁ አለ። ክልሉ አለ፤ የግብርና መዋቅሩ እስከ ቀበሌ ይወርዳል። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ክልል ነው፤ ተማሪዎቹ ከሐይቁ የበለጠ ቤተ ሙከራ አያገኙም። የሚጎድለው ነገሩ አሁን፣ ገና ገበያው ሳይሞቅ፣ ጀልባው ሳይበዛ፣ ባለ ዕዳው ሳይፈጠር እንዲወሰን መፈለግ ነው።

ግድቡ ሲሠራ የሕዝቡ ትዕግሥት 14 ዓመት ተፈትኗል። ውሃው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲጠራቀም፣ የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲዞር፣ «ቶሎ» ያለ ሳይሆን በደረጃ የሄደ ነው ያሸነፈው። ሐይቁ በአንድ ክረምት አልተሞላም፤ በተከታታይ ክረምቶች ተሞላ። ለዓሣውም ያው ትዕግሥት ይበቃዋል። ሳሎኑ ውስጥ ኮራል የሚያሳድግ ሰው መብራቱን በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ከፍ የሚያደርገው ብርሃን ስለሚጠላ አይደለም፤ ያሳደገው ነገር በሕይወት እንዲቆይለት ስለሚፈልግ ነው።

ንጋትም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይነጋም። መጀመሪያ ይጎህላል፣ ቀጥሎ ይቀላል፣ ከዚያ ይበራል። ሐይቁ ስሙን እንዲመስል ከተፈለገ፣ ብርሃኑ መጀመሪያ የሚደርሰው ከዳርቻው ቤቶች ይሁን፤ ውሃው ሥር ያለው ተራውን ይጠብቃል።