ከደጅ ስለሚጠበስ ሥጋ፤ የእንጨት ፍምና የጋዝ እሳት

በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን የምንጽፈው ከደጅ ስለሚጠበስ ሥጋ ነው። በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር ክርስትና ወይም ሠርግ የደገሰ ሰው፣ ለፋሲካም ዘመዶቹን የጠራ ሰው፣ በግቢው እሳት አስነድዶ ሥጋውን እንግዶቹ ፊት ማስጠበሱ የቆየ ወግ ነው። በብረት ሲሊንደር የሚታሸገው ቡታጋዝ ከመጣ ወዲህ ግን፣ ፍርግርግ ያለበትን የጋዝ መጥበሻ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል አስጭነው የሚያመጡ ባለጸጎች አሉ። ስለዚህም በየማዕዱ ክርክር ተነሥቶአል። ሽማግሎቹ፣ የጋዝ ጥብስ ስሙ ጥብስ ነው እንጂ ጣዕም የለውም ይላሉ። ጎልማሶቹ ደግሞ፣ ዓይንን በጢስ ማስለቀስና እንግዳን በረኀብ ማቆየት ምን ይጠቅማል ይላሉ። እኛም የሁለቱን ወገን ቃል ሰምተን የመሰለንን ለመጻፍ ወደድን።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ ይላል ያገራችን ሰው። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስለ ወጥ ተነገረ እንጂ ስለ ጥብስ አልተነገረም። ወጥ በድስት ተከድኖ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ከበታቹ የሚነደው ወይራም ቢሆን ኩበትም ቢሆን ጋዝም ቢሆን፣ ለወጡ የሚደርሰው ትኩሳቱ ብቻ ነው። በብረት መጥበሻ የሚጠበሰውም ሥጋ ከወጥ ወገን የሚቈጠር ነው። በፍርግርግ ላይ ሆኖ ፍም የሚያገኘው ሥጋ ግን ከእሳቱ የሚለየው መጋረጃ የለውም፤ የእሳቱ ጠባይ ሁሉ ይደርስበታል።

የመንዝ በግ ላቱ የሰባ መሆኑን የማያውቅ የለም። ይህ ስብ ቀልጦ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ወዲያው ጢስ ሆኖ ይነሣና ተመልሶ በሥጋው ላይ ያርፋል። ሰው የእንጨት ሽታ ነው እያለ ከሚያመሰግነው መዓዛ ብዙው ይኸው የስቡ ጢስ ነው። እንግዲህ በጋዝ መጥበሻም ከነበልባሉ በላይ የጋለ ብረት ወይም ድንጋይ ቢኖር፣ ስቡ በዚያ ላይ ወድቆ እንዲሁ ይጤሳል። ስለዚህ ጋዝ ፈጽሞ ጣዕም የለውም የሚሉት ሽማግሎች ክርክራቸው በግማሽ ይወድቅባቸዋል።

በቀረው ግማሽ ግን ይረታሉ። እናቶቻችን ለወተት ዕቃና ለጠላ ጋን ማጠኛ ወይራን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። እንጨት ሁሉ ሲነድ የየራሱ መዓዛ አለው፤ ጋዝ ግን ከዚህ በኩል ድኻ ነው። በዚህም ላይ ጋዝ ሲነድ ውኃ ይወልዳል። ይህን የማያምን ሰው ቢኖር፣ ቀዝቃዛ ብረት ድስት በጋዝ ነበልባል ላይ ጥቂት ጊዜ ቢይዝ፣ የድስቱ ቂጥ ሲያልበው ያያል። ፍም ግን ትኩሳቱ ደረቅ ነው፤ ነበልባል ሳይኖረው ከስንዝር ርቀት ይፋጃል፣ የሥጋውንም ፊት ቶሎ አድርቆ ያቀላዋል።

ይሁን እንጂ ፍም እስኪሆን የሚታገሥ ስንት ሰው ነው? አብዛኛው ጠባሽ እንግዳው እንዳይቆይ ሲቸኩል፣ እንጨቱ ገና እየተንቀለቀለ ሳለ ሥጋውን ይጥልበታል። ውጭው ጠቍሮ ውስጡ ጥሬ የሆነ፣ ጥላሸት ጥላሸት የሚል ሥጋ ከዚያ ይመጣል። ከእንዲህ ያለው ጥብስ የጋዙ እጅግ ይሻላል። በቁም ነገር የሚያስጠብስ ሰው የደረቀ የወይራ ወይም የግራር ፍልጥ አዘጋጅቶ፣ ሥጋው ከመቅረቡ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ያስነድድ። ነበልባሉ ወርዶ ፍሙ ስስ ነጭ አመድ እስኪለብስ ድረስ ሥጋው አይነካ። ከዚያም ፍሙን በአንድ ወገን አብዝቶ በሌላው ወገን አሳስቶ ማንጠፍ ነው፤ ስቡ እሳቱን ሲያቀጣጥለው ሥጋውን ወደ ሳሳው ወገን ማሸሽ ይቻላልና። በስተዳር ሌላ ትንሽ እሳት ቢነድ፣ ያለቀውን ፍም ለመተካት ይጠቅማል።

ጥድ ለጥብስ አይሆንም፤ ይንጣጣል፣ ከሙጫውም የተነሣ ጢሱ ጥቁርና መራራ ነው። ባሕር ዛፍ ቅጠሉና ቅርፊቱ የመድኃኒት ሽታ አለው፤ ግንዱ ግን ተፈልጦ አንድ በጋ ሙሉ ከደረቀና ደኅና ፍም ከሆነ ይበቃል። ኩበት እሳት በማቆየት የታወቀ ነው፤ ለጥብስ ግን አንመክርም፣ ምክንያቱንም መጻፍ የሚያሻ አይመስለንም።

እዚህ ላይ፣ ይህ ሁሉ እንጨት ከወዴት ይምጣ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው በሸዋ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ አዲስ አበባ ከተዛወሩ በኋላ፣ በከተማው ዙሪያ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቈርጦ ስላለቀ፣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለመውሰድ ታስቦ ሥራው ተጀምሮ ነበር። አዲስ አበባን ካለችበት ያቆያት ከዚያ ቀደም ብሎ በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ፈጥኖ ያድጋልና፣ ቢቈረጥም ከጕቶው ያቈጠቍጣልና። ስሙ እንደሚመሰክረው ይህ ዛፍ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው። ስለዚህ ጋዝን የባዕድ አገር እሳት ነው እያሉ የሚነቅፉ ሰዎች፣ በግቢያቸው የሚነደው ፍልጥ ራሱ ከየት እንደ መጣ ቢያስቡ መልካም ነው።

በደብረ ብርሃን ሜዳ ዛፍ የሳሳ ስለ ሆነ፣ ባላገሩ አብዝቶ የሚያነደው ኩበት ነው። በየደጁ ተከምሮ የሚታየው ኩበት ለገብሱ ማሳ ፍግ መሆን የሚገባው ነበረ፤ በምድጃ ሲያልቅ መሬቱ ይራባል። በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል በገደሉ ላይ ያለው የወፍ ዋሻ ደንም፣ ጥዱ፣ ዝግባውና ኮሶው ገና የተረፈልን ሀብት ነው፤ ከዚያ ተቈርጦ የሚመጣ ማገዶ በማናቸውም ድግስ መታየት የለበትም። ነገር ግን ከራስ ተክል የተፈለጠ አንድ ሸክም እንጨት በዓመት በዓል ቢነድ አገር አያጠፋም። የሚያጠፋው የየዕለቱ ማገዶ ነው።

ክርክሩን የምንቈርጠውም በዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተሠራች ከተማ ስለ ሆነች፣ ውኃ የሚፈላባት በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ባቄላው፣ አተሩ፣ ቅቅሉም ከቆላው አገር ይልቅ ረዥም ሰዓት እሳት ላይ ይውላል። ያን ሁሉ ሰዓት መስኮት በሌለው ወጥ ቤት ጎንበስ ብላ እፍ የምትለው ማን ናት? በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንስ የሚተነፍሰው ምንድን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ በፈረንጆች 2020 ዓመት በቤት ውስጥ ከሚነደው እሳት ጢስ የተነሣ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቶአል።

እንግዲህ ጋዙን ገዝቶ በግቢው መካከል ለእንግዳ ማሳያ ያቆመ፣ ወጥ ቤቱን ግን ለኩበት ጢስ የተወ ጌታ፣ ነገሩን ገልብጦ ይዞታል። ከደጅ ያለው ጢስ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ቀኑም በዓመት ጥቂት ነው፤ በዚያ የእንጨት ፍም ይሁን። ጋዙ ወደ ወጥ ቤት ይግባ። ኤሌክትሪክም ያለው ሰው እርሱን ያስገባ፤ ሁለቱም ያልተገኘለት፣ ማገዶ የሚቈጥበውን ምርጥ የተባለውን የእንጀራ ምድጃ አስተክሎ ለጢሱ መውጫ ያብጅለት። ጋዝ ውድ ነው፣ አንዳንድ ጊዜም ይጠፋል የሚሉን ሰዎች እውነታቸውን ነው፤ ታዲያ እንዲህ የሚወደድን ነገር የደብረ ብርሃን ነፋስ ትኩሳቱን በሚሰርቅበት በደጅ ማንደድ ይብሱን አያዋጣም። ከወይዛዝርት አንባቢዎቻችን ይህን ክፍል ለባለቤቶቻቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚያነቡላቸው ቢኖሩ ደስ ይለናል።

ጋዙ ወደ ቤት ሲገባ ግን ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳልና፣ ቢያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፤ በወለሉ ላይ ተኝቶ እሳት ይጠብቃል። ሲሊንደሩ በጕድጓድ ወይም ዝቅ ባለ ክፍል እንዳይቀመጥ፣ ማፍሰሱም በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት እንዳይመረመር ለሠራተኞች ሁሉ ሊነገራቸው ይገባል። በከፍታችን አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ፣ ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ሆኖ ድስት የሚያጠቍር ከሆነ፣ አዋቂ ተጠርቶ ያስተካክለው።

ስለ ፍሙም የቀረን አንድ ነገር አለ። በታኅሣሥ ውርጭ፣ ከጥብሱ የተረፈውን ፍም ያሳዝናል ብለው በምድጃ ወደ መኝታ ቤት አግብተው በር ዘግተው የሚተኙ አሉ። ጢስ የሌለው ፍም ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ያወጣል፤ ከሰል አፍኖት ሞተ የሚባለው ሰው በዚህ የሚሞት ነው። የተረፈው ፍም ከደጅ እንዳለ ውኃ ይፍሰስበት፣ አፈርም ይልበስ፤ የሣር ቤትና የጭድ ክምር በአጠገቡ ካለ ደግሞ፣ ማታ ነፋስ ሳይነሣ ይህ ሥራ ይለቅ።